በወረቀት ላይ ድሃ መሆን

ጅማ፣ ታኅሣሥ 18

የማመለክትበት ኤምአይቲ፣ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ ለአመልካቾቹ ከሚያቀርባቸው አጫጭር የጽሑፍ ጥያቄዎች አንዱ፣ ማንም ሳያዝዝሽ ለደስታሽ ብቻ የምትሠሪው ነገር ምንድን ነው የሚል ነው። ከሒሳቡም ከእንግሊዝኛውም ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ጥያቄ ነው። በእኛ ዘንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪን ምን ያስደስትሻል ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው ደረጃ ነው። ካርዳችን ላይ ከስንት ተማሪ ስንተኛ እንደወጣን ይጻፋል፤ ወላጅ ይፈርማል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

መልሱን ግን አላጣሁትም። አባቴ ቡና ሰብሳቢ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ከገበሬ የተረከበውን እሸት ግቢያችን ውስጥ ባሉት የሽቦ አልጋዎች ላይ እናሰጣለን። እኔ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ኪሎ ለይቼ በወንፊት አስቀምጣለሁ፤ ማታ ማታ እመዝነዋለሁ፤ ቁጥሩን ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን ክብደቱ በፍጥነት ይወርዳል። ከዚያ ይዘገያል። ወደ መጨረሻው ጭራሽ የሚወርድ አይመስልም፤ አንድ ኪሎ የነበረው እሸት 400 ግራም አካባቢ ሲደርስ ያርፋል። ደመና የዋለበት ቀን መስመሩ ላይ ይታወቃል፤ ሳንሸፍነው ዝናብ የቀደመን ቀን ደግሞ ክብደቱ ወደ ላይ ይመለሳል። አባቴ ሚዛን አያስፈልገውም። ከደረቀው ጀንፈል ጭብጥ አድርጎ ጆሮው አጠገብ ያንቀጫቅጨዋል፣ አንዷን ፍሬ ይቆረጥማል፣ ከዚያ ወይ "ገና ነው" ይላል ወይ ዝም ብሎ ጆንያ ያነሳል። ደብተሬና የአባቴ ጥርስ ሲስማሙ ደስ ይለኛል። ሲለያዩ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ አንዳችን የማናውቀው ነገር አለ ማለት ነውና።

ይህንን ጻፍኩት። አብራኝ የምታመለክት ጓደኛዬ አንብባ ጥሩ ነው፣ ግን "ምርምር" በዪውና ለገበሬዎች ያስገኘውን ጥቅም ጨምሪበት አለችኝ። ለገበሬዎች ያስገኘው ጥቅም የለም። ለአባቴም አላስገኘም። ጥያቄው ለደስታሽ ነው እንጂ ለጥቅም አላለም።

በዚህ ሰሞን ያነበብኳቸው የማመልከቻ ናሙናዎች ሁሉ የሚያስቸግሩኝ በዚህ በኩል ነው። ለሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የማመለክትበት ኮመን አፕ የሚባለው ቅጽ ከትምህርት ውጪ የሚሠሩ ሥራዎችን የሚያስገቡበት አሥር ቦታ አለው፤ እያንዳንዱ ሥራ ባዶውን ቦታ ጨምሮ በ150 ፊደል መገለጽ አለበት። በናሙናዎቹ ላይ ሁሉም ሰው መሥራች ነው። የክበብ መሥራች፣ የማኅበር መሥራች፣ የንቅናቄ መሥራች። ተራ አባል የሚባል የለም። እነዚህ ሁሉ መሥራቾች የሚመሩትን ሰው ከየት እንደሚያመጡት እንጃ!

አያቴ ስለ ሰው መልካምነት ሰው ይናገር እንጂ ባለቤቱ አይናገርም እያለች ነው ያሳደገችን። እንግዳ ፊት "ልጅሽ ጎበዝ ናት አሉ" ሲባል እናቴ "ኧረ ምኑን፣ እግዜር ይርዳት" ትላለች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ቡናውን አቀርባለሁ። እንዲህ ያደገ ሰው ተነሥቶ ስለ ራሱ 650 ቃል ይጻፍ ሲባል እጁ አይታዘዝለትም። የፊዚክስ መምህሬ የምስክርነት ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ስጠይቃቸው በደስታ ጻፉ፤ ሦስት መስመር ነው። ጠባይዋ መልካም ነው፣ ትጉህ ናት፣ ከክፍሏ አንደኛ ናት ይላል። በእኛ አገር ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው። እዚያ ማዶ ግን አንድ ገጽ ሙሉ፣ ከነታሪኩ ነው የሚጠበቀው። "ምን ልጨምርበት?" ብለው ጠየቁኝ። የራሴን ውዳሴ ለመምህሬ ላጽፋቸው ነው? እንደ ፈቃድዎ አልኳቸውና ወጣሁ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የቴሌግራሙ ምክር ነው። እርዳታ እንሰጣለን ከሚሉት ቻናሎች አንዱ ላይ፣ ከአፍሪካ የሚያመለክት ተማሪ ችግሩን ይጻፍ፣ አንባቢዎቹ የሚፈልጉት እሱን ነው የሚል ረጅም ትምህርት ተለጥፏል። ኩራዝ፣ ባዶ እግር፣ የእናት እንባ። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች እንደምታቀርብ የነገርኩት አንድ አማካሪ ነኝ ባይ ወዲያው "በቃ፣ ጽሑፍሽ ተገኘ! ጭሱን ጻፊው" አለኝ። ጭስ የለም። እናቴ የምትጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሁለት ሠራተኞች ቀጥራ ታሠራለች፤ ሒሳብ ስታሰላ አባቴን ታስንቃለች፤ መብራት ሲጠፋ የምትናገረውን እዚህ አልጽፈውም እንጂ አልቅሳ አይቻት አላውቅም። እሷን ኩራዝ አስይዤ ማሳቹሴትስ ላለ ሰው ባሳያት፣ ባትሰማም እኔ ዐውቀዋለሁ። የእውነት የተቸገረ ልጅ ችግሩን ቢጽፍ አልፈርድበትም፤ የራሱ ታሪክ ነው። እኔ የምጠላው ሁላችንም አንድ ዓይነት ሐዘን ተከራይተን መቅረባችንን ነው።

ታዲያ ለምን ኤምአይቲ? ስሙ አይስበኝም ብል ውሸት ይሆናል። ጎረቤታችን ጋሼ "ዩኒቨርሲቲው ደጃፍሽ ላይ እያለ!" ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ጀምሮ ተማሪዎቹን ኅብረተሰቡ መሀል እያወጣ በማሠልጠን የታወቀ ነው። ስለ ቡና ከሆነ ደግሞ መልኮ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል ያሉት ተመራማሪዎች የሚያውቁትን ያህል ኤምአይቲ ውስጥ የሚያውቅ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የእኔ ነገር የጀመረው ከጊልበርት ስትራንግ ነው። ኤምአይቲ የትምህርቶቹን ቪዲዮና ማስታወሻ በነፃ ለዓለም እንደሚከፍት ያስታወቀው በአውሮፓውያን 2001 ነው፤ ከእነዚያ ውስጥ የስትራንግን የሊኒየር አልጀብራ ትምህርት ከሰው ፍላሽ ላይ ገልብጬ አየሁት። እኔ ከመወለዴ በፊት የተቀረጸ ነው። ሰውየው ጠመኔ ይዞ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ይቆማል። ያው የእኛው ጠመኔ፣ ያው የእኛው ሰሌዳ። ነገር ግን መካከል ላይ ቆም ብሎ ሰሌዳውን ያያል፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደሚያስተምረው እግዜር ይወቅ፣ እሱ ግን ነገሩን ገና አሁን እንዳገኘው ሰው ይገረማል። ማትሪክስን እኛ የተማርነው ፈተና ላይ ስለሚመጣ ነው። ስትራንግ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጡረታ ወጥቷል፤ ብገባም እሱን አላገኘውም። እንዲያ የሚገረሙ ሰዎች በብዛት ያሉበት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ብሆን ግን ቅር አይለኝም። አንደኛ መውጣት የሰለቸኝ ይመስለኛል። ይህን ጮክ ብዬ ብናገረው ትዕቢት ነው የሚሆነው፤ እዚህ ብቻ ይቀመጥ።

ቁጥሩን ዐውቀዋለሁ። ከመቶ አመልካች አምስት እንኳ አይሞላም የሚቀበሉት፤ ከውጭ አገር ለሚያመለክት ደግሞ በሩ ከዚያም ይጠባል። ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። እኔ ግን በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታውሳቸዋለሁ፤ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። በዚህ ዓይነት ቁጥር መካከል ያደገ ልጅ በአምስት በመቶ አይደነግጥም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የእኛ ፈተና ወደቅሽ ይልሻል። ማንነትሽን አይጠይቅም፣ ታሪክ አያጽፍሽም፣ አስደሳች ሰው ሁኚ አይልም፤ ያጠቆርሻትን ክብ ብቻ ያያል። ጨካኝ ነው፤ ግን ነውር አያናግርም። የእነሱ አላነስሽም፣ ብቻ አልመረጥንሽም ይላል። የትኛው እንደሚሻል ዛሬም አልወሰንኩም።

ስለ ኤስኤቲ፣ ስለ አሜሪካኖቹ የመግቢያ ፈተና፣ ብዙ የምለው የለኝም። በዶላር የሚከፈለውን ውጭ አገር ያለው የአክስቴ ልጅ በካርዱ ከፈለልኝ፤ የግቤን ቁልቁለት ወርደን ወጥተን አዲስ አበባ ገባን፤ ተፈተንኩ፤ ተመለስን። ውጤቴ ከፈራሁት ይሻላል፣ ከተመኘሁት ያንሳል።

ኤምአይቲ የመደበኛ አመልካቾችን ውጤት በልማድ የሚለቀው በእነሱ ማርች 14 ቀን ከምሽቱ 6:28 ላይ ነው። ቀኑ 3.14 ስለሆነ የፓይ ቀን ይሉታል፤ 6.28 ደግሞ የፓይ እጥፍ ነው። እንዲህ ያለ ቀልድ የሚወድ ዩኒቨርሲቲ ሆዴን ያባባዋል። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 5 መሆኑ ነው፤ የእኛ ሰዓት ግን ስለሚቀድም ለመጋቢት 6 አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ28 ላይ ይውላል። መጋቢት 5 አቦ ነው። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ፓይ የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ ረስታ በአቦ ጨርሳዋለች።

የቀረኝ የገንዘብ ቅጹ ነው። ኤምአይቲ ለውጭ አገር ተማሪም ቢሆን መክፈል መቻል አለመቻሉን ሳያይ ከሚቀበሉት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ ከተቀበለ በኋላ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። የአንድ ዓመቱ ወጪ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ስለሆነ የጎደለው ማለት ሁሉም ማለት ነው። ለዚህ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ቅጽ ይሞላል። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ስንት አላችሁ ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ትናንት ማታ ከእራት በኋላ ወላጆቼን አስቀምጬ ጥያቄዎቹን በአማርኛ እያነበብኩ መሙላት ጀመርኩ።

"አባዬ፣ በዓመት ስንት ታገኛለህ?"

"የትኛውን ዓመት?"

"ያለፈውን።"

"ያለፈውማ ቡናው ያረፈበት ነው። ካቻምና ብትጠይቂኝ ጥሩ ነበር።"

ቡና አንድ ዓመት በደንብ ካፈራ በሚቀጥለው እንደሚሰስት ለቅጹ የሚነገርበት ቦታ አልነበረም። ያለፈውን ዓመት ጻፍኩ። የጡረታ ቁጠባ የሚለውን ሳነብ እናቴ ወደ እኔ ጠቁማ "ይቺው" አለች። ከዚያ ቤቱ መጣ፤ ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል ይላል።

"ማን ሊገዛው ነው?" አለ አባቴ።

"ማንም አይገዛውም፣ ግምት ነው።"

እናቴ "ልጅቷ እኛንም ጨምራ ሳትሸጠን አትቀርም" ብላ ሳቀች። እኔ ሰፈራችን ውስጥ ሲሸጥ የሰማሁትን ዋጋ አስቤ፣ ጣሪያው ማርጀቱን ቀንሼ አንድ ቁጥር ተናገርኩ። አባቴ ስኒውን አስቀመጠ።

"ይህ የማን ቤት ዋጋ ነው?"

"አባዬ፣ አነስ ቢል ነው የሚሻለው። ብዙ ካልን እርዳታውን ይቀንሱታል።"

"መሬቱን በስንት መከራ እንዳገኘሁት ታውቂያለሽ? ግድግዳውን እኮ አምና ነው ያሳደስኩት። ቤቴን ለማያውቀው ሰው አታርክሺብኝ።"

እናቴም አባቴን ደግፋ ቆመች፤ የምጣዱ ክፍል ለብቻው ምን ያህል እንደሚያወጣ መቁጠር ጀመረች። ሁለቱ እየተጋገዙ ያደረሱት ቁጥር እኔ ከተናገርኩት እጥፍ አልፎ ሄደ። ዝም ብዬ ጻፍኩትና በዶላር አሰላሁት፤ ውጤቱን ሳነብላቸው አባቴ ደግሞ በዶላር ይህን ያህል ብቻ ነው እንዴ ብሎ እንደገና ተቆጣ። ነገ ግንበኛ ወዳጁን ጠርቶ ሊያስገምተው ቆርጧል።