ጋቢ ለብሶ ስለ ሙቀት
ደብረ ብርሃን ላይ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወዳጄ ዛሬ ለኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር (ዋናው የማስሊያ ቺፕ) "ኮር አይ 9 ልግዛ ወይስ ራይዘን?" ብሎ ያዘኝ። ሁለቱም ሲሠሩ እንደሚሞቁ ብነግረው፣ ጋቢውን ተከናንቦ "በዚህ ብርድ ሙቀት ምን ያሳስባል?" ይለኛል። ግማሽ እውነት አለው። ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ማራገቢያው እኩል ቢሽከረከርም የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። አይ 9-14900ኬ ደግሞ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ 253 ዋት ይጠጣል። ራይዘን 9 7950ኤክስም ሥራ ሲበዛበት እስከ 95 ዲግሪ እንዲሄድ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ በኢኮ ሞድ (ኃይል ቆጣቢ አሠራር) ሲገደብ ግን ከፍጥነቱ የሚቀንሰው ጥቂት ነው። እኔ ብሆን ራይዘኑን ወስጄ፣ ለውድ ማቀዝቀዣ የሚወጣውን ብር ለራም (ለጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) እና ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለሚያቆየው) አደርገው ነበር። መብራት ሲሄድ ሬንደሩ (የተቀናበረውን ቪዲዮ የማውጣቱ ሥራ) መሃል ላይ ይቀራላ! እሱ አሁንም "አይ 9" እያለ ነው፤ ስሙ ሳይማርከው አልቀረም።