ደብረ ብርሃን ላይ «የክፍል ሙቀት» ስንት ነው?

የጭቃ ባክቴሪያ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭባት፣ ፈሳሽ የሚያልፍበት ቀጭን ቦይ ያላት ትንሽ ቺፕ እሠራለሁ፤ እስካሁን ሦስት ቺፕ ጥያለሁ። አሁን ሳስበው ሦስቱም ላይ የነበሩት ባክቴሪያዎች በሕይወት ነበሩ። ይህን የምጽፈው ደጋ ላይ ሆኖ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው የኔን አምስት ወር እንዳይደግም ነው።

ሌላው ሥራ አይከብድም። ጭቃውን ከበሬሳ ወንዝ ዳር፣ ጠቁሮ ከሚሸተው ቦታ አወጣሁ። ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ እንደ ጂኦባክተር ያሉ ባክቴሪያዎች ኤሌክትሮናቸውን ለብረት ማዕድን ይሰጣሉ፤ በማዕድኑ ፈንታ ከሽቦ ጋር የተያያዘ የካርቦን ጨርቅ ስታቀርቡላቸው በጨርቁ በኩል ለሽቦው ይሰጡታል። ቺፑን ከፒዲኤምኤስ (ጎማ መሰል ግልጽ ቁስ) ሠራሁ፣ 10 እጅ ሙጫ በ1 እጅ ማጠንከሪያ። ፒዲኤምኤስ ኦክስጅን ስለሚያሳልፍ ናይትሮጅን የሞላበት ሳጥን ውስጥ አስገብቼ 30 ዲግሪ ላይ አሞቅኩት። ምግባቸው በቦዩ የሚያልፍ፣ አሴቴት (የኮምጣጤ አሲድ ጨው) የሟሟበት ፈሳሽ ነው። በሁለተኛው ሳምንት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ላይ 50 ሚሊቮልት አነበብኩ። 5 ማይክሮ አምፒር ማለት ነው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

በማግስቱ ቮልቴጁ ዘጭ አለ። ሞቱ ብዬ ቺፑን ጣልኩት። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም።

ችግሩ አረፋ ነበር። ፀጉር በምታክል ቦይ ውስጥ አንዲት አረፋ ከገባች ምግቡን ትዘጋለች፣ ስትንቀሳቀስ ደግሞ ባክቴሪያዎቹን ከጨርቁ ላይ ፍቃ ትሄዳለች። ግን አረፋው ከየት ነው የሚመጣው? ቱቦ ቀየርኩ፣ መጋጠሚያ አጠበቅኩ፣ ምንም።

የምከተለው የላቦራቶሪ መመሪያ «ኦክስጅኑን ለማስወጣት ፈሳሹ ውስጥ በክፍል ሙቀት ናይትሮጅን ንፉ» ይላል። እኔም በኅዳር ጠዋት፣ ቴርሞሜትሩ 9 ዲግሪ እያነበበ፣ እንደተባለው ነፋሁ። ዋተር ባዝ (ዕቃን በሞቀ ውሃ ውስጥ የሚያሞቅ መሣሪያ) ይገዛልኝ ብዬ ያስገባሁትን ማመልከቻ የግዥ ኃላፊው ሁለት ጊዜ መለሰብኝ። «መመሪያሽ የክፍል ሙቀት እያለ ማሞቂያ ምን ይሠራል?» አለኝ። ላቦራቶሪያችንን አንድ ቀን መጥቶ አላየም። እስካሁን ያናድደኛል።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከላቦራቶሪ ረዳታችን ነው። ጋሼ ሥራዬን ቆመው አዩና፣ «ልጄ፣ ውሃ ስትጥጂ ገና ሳይፈላ ድስቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን አረፋ አይተሽ አታውቂም?» አሉኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ጋዝ ይይዛል፤ ሲሞቅ ይለቀዋል። እኔ በ9 ዲግሪ ናይትሮጅን አጥግቤ 30 ዲግሪ ቺፕ ውስጥ እየላክሁ ነበር። ይህን የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል፤ እኔ ለወራት አላሰብኩትም።

ስለዚህ መመሪያውን ተዉት። ፈሳሹን ድስት ውስጥ ባለ ውሃ 37 ዲግሪ አሙቁና እዚያው እንደሞቀ ናይትሮጅን ንፉበት። ወዲያው አየር ሳታስቀሩ በሲሪንጅ ሳቡት። ከዚያ ቢቀዘቅዝም ግድ የለም፣ የያዘው ጋዝ ቀንሷል። ቱቦው አጭር ይሁን፣ ሲሊኮንም አትጠቀሙ፤ አየር ያስገባል።

ቮልቴጅ በድንገት ሲወርድባችሁ ደግሞ ቺፑን ከመንቀላችሁ በፊት በማይክሮስኮፕ እዩት። እኔ ማይክሮስኮፑ አጠገቤ ነበር። ሦስተኛው ቺፕ ከመጣሉ በፊት 60 ሚሊቮልት ደርሶ ነበር፤ አራተኛው እስከ ዛሬ እዚያ አልደረሰልኝም።