ተሳቢ ጎትቼ ከጣርማበር ስወርድ

አሮጌ አውቶቡስ ገዝቼ ለጉድጓድ ቁፋሮ ሠራተኞቻችን መኖሪያ አደረግኩት፤ አራት አልጋና ምድጃ አለው። ከኋላው ጄኔሬተርና የውሃ ታንከር የጫነ ተሳቢ ይጎትታል። አልጋ ማሠራቱ፣ መንጠቆ ማስበየዱ፣ ቦሎ ማውጣቱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት መውረዱ ነው።

ለቦሎ የመረመረኝ ሰው የተሳቢውን መብራት አየ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና ፈረመ። ፍሬኑን ጭነት እንደያዘ እንዲፈትንልኝ ብለምነው «መብራቱ ከሠራ ይበቃል» አለኝ። እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን እኔው እሺ ብዬ መሄዴ ነው።

1000 ሊትር የሚይዘውን ታንከር እንዲቀልልኝ ብዬ በግማሽ ሞላሁት፤ ያውም ከተሳቢው ጎማ በስተኋላ አስሬ። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን በጉም ውስጥ ቁልቁለቱን ስንጀምር ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ውሃው ወደ ፊት ተንደርድሮ አውቶቡሱን ይገፋል፤ ስለቀው ወደ ኋላ ይመለስና መንጠቆውን ሽቅብ ያነሣዋል፤ ተሳቢው ግራ ቀኝ ይዋልላል። ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1300 ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በአራተኛ ማርሽ፣ በፍሬን ብቻ ልወርደው ነበር። ደብረ ሲና መግቢያ ላይ ፔዳሉ ልፍስፍስ ብሎ ከእግሬ ሥር ይሰምጥ ጀመር። መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ እናት ብድግ ብለው «ልጄ፣ ጎማህ እየጨሰ ነው!» ሲሉ ጮኹ።

ማርሹን ወደ ሦስተኛ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛ ቀንሼ በጭንቅ አቆምኩት። ረዳቴ ጀሪካን አንሥቶ ሮጠ፤ የጋለ የፍሬን ታምቡር ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይሰነጠቃልና እጁን ያዝኩት። የእጅ ፍሬንም አልሳብኩም። ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈን ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ከጉሙ የሚወርደው ጠብታ ታምቡሩ ላይ እያረፈ ጭስስ ይል ነበር።

አሁን ታንከሩን ባዶውን አወርዳለሁ፤ ውሃ ታች ሸዋ ሮቢት ይሞላል። ጄኔሬተሩን ከተሳቢው ጎማ ትንሽ ወደ ፊት አስሬዋለሁ፤ ከጭነቱ ከአሥር አንዱ እጅ መንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት። ሁለተኛ ማርሽ የማስገባው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። መንጃ ፈቃድ ስማር «እግርህን ከፍሬን አታንሣ» ብለውኛል፤ እዚህ ቁልቁለት ላይ አትስሟቸው። ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ፣ ፍጥነቱ ሲበርድ ሙሉ በሙሉ እለቃለሁ። ከኋላዬ ጥሩምባ ቢነፉም ከ30 አላልፍም። ደብረ ሲና ስደርስ ወርጄ እጄን ወደየጎማው አስጠግቼ ሙቀቱን እለካለሁ፤ ከእኚያ እናትም ቆሎ እገዛለሁ።