ዝም ማለት ያቃተኝ ፕራክቲከም ላይ ነው

መምህርነት ስማር ማይክሮቲቺንግ ላይ (እርስ በርስ በአጭሩ ማስተማር መለማመድ) ጎበዝ ነበርኩ። የክላስ ልጆች ተማሪ ሆነው ይቀመጣሉ፣ 10 ደቂቃ አስተምራለሁ፣ ስጠይቅ ሁሉም እጁን ያወጣል፣ ነገ ተራው የራሱ ነዋ ማን ማንን ያዋርዳል። በኋላ ሳነብ ነገሩ በ1963 (እ.ኤ.አ) አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲጀመር አስተምሮ፣ አስተያየት ሰምቶ፣ ያንኑ አስተካክሎ ድጋሚ ማስተማር ነበረው፣ እኛ ብዙ ስለነበርን ድጋሚው ቀርቶ ጭብጨባው ብቻ ተረፈን።

ፕራክቲከም (እውነተኛ ክፍል ውስጥ የማስተማር ልምምድ) ስወጣ 7ኛ ክፍል ሳይንስ ደረሰኝ። የ40 ደቂቃ ሌሰን ፕላኔን በ17 ደቂቃ ጨረስኩት!! ሰዓቴን አየሁ፣ ከኋላ የተቀመጠውን ሱፐርቫይዘር አየሁ፣ ይጽፋል። ምን ላድርግ፣ ኖት ጻፉ ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፣ ጀርባዬን ስሰጥ ክፍሉ ገበያ ሆነ።

የክፍሉ አስተማሪ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፣ "ራስሽ ጠይቀሽ ራስሽ ነው የምትመልሺው"። አላመንኳቸውም። በነጋታው አስፈቅጄ ድምፄን በስልክ ቀዳሁት፣ ማታ ስሰማው አፈርኩ፣ "ተክል ምግቡን ለመስራት ምን ያስፈልገዋል? እሺ ብርሃን፣ ውሃ፣" መሀል ላይ ትንፋሽ እንኳን የለም። ከዛ "ገባችሁ?"፣ "አዎ ቲቸር!"

ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1974 (ይሄም እ.ኤ.አ) ይሄንኑ ጽፋለች፣ አስተማሪ ጠይቆ የሚጠብቀው 1 ሰከንድ ገደማ ነው፣ 3 ሲያደርሰው ግን መልሱ ይረዝማል፣ ዝምተኞቹም መናገር ይጀምራሉ። 3 ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል፣ እስቲ ተማሪ ፊት ቆማችሁ ሞክሯት። እኔ ጫማዬ ውስጥ በእግር ጣቴ እየቆጠርኩ ነው የለመድኳት።

"ገባችሁ?"ንም ተውኩት፣ በምትኩ ሊደወል 5 ደቂቃ ሲቀር ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ አስመልሳለሁ። ተክል ምግቡን ከየት ያገኛል አልኳቸው፣ በአንድ ድምፅ አዎ ሲሉኝ የነበሩት ልጆች ግማሾቹ "ከአፈር" ብለው ጻፉልኝ።

ዲሲፕሊን ላይ እስካሁን አልቻልኩበትም፣ የኋላ ረድፎቹ እንግዳ መሆኔን ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቁት፣ መቼ እንደምሄድም ያውቃሉ።

ሱፐርቫይዘሩ ድጋሚ የመጣ ቀን ያንኑ የአፈሩን ነገር ጠየቅኩና ዝም አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ፣ የረሳሁ መስሎታል። ቆጠራዬ ስድስት ሰከንድ ላይ ሲደርስ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ እጁን አወጣና "ከአፈር" አለ፣ ጎኑ ያለችው ደግሞ "ታዲያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውስ?" ብላ ያዘችው፣ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፣ ሌሰን ፕላኔ ግማሽ ላይ እያለ ተደወለ።