የጎንደር ውሃ በ93 ዲግሪ ይፈላል፦ የማይክሮዌቭ ሴንሰር ስፈትሽ የገጠመኝ

ሰላም ወገኖች። የማይክሮዌቭ ጥገና ልምምዴ የት እንደደረሰ ልንገራችሁ። አንዱን ማይክሮዌቭ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከሦስቱ ሁለቱን የበላው ደህናውን ሴንሰር ተበላሽቷል ብዬ መያዜ ነው። እናንተም ይሄው እንዳይገጥማችሁ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ማይክሮዌቩ የአክስቴ ነው፣ ቤቷ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ነው። «የኔ ልጅ፣ ገና ወጡን ከማስገባቴ ይጮኽና ቀጥ ይላል፤ እስቲ እየው» አለችኝ። ሰካሁት። ሰዓቱ በራ፣ ሳህኑ መዞር ጀመረ፣ ትንሽ ቆይቶ ጮኸና ማሳያው ላይ የስህተት ኮድ አወጣ። የኮድ ትርጉም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩትን ዝርዝሮች ዝም ብላችሁ አትመኑ። እኔ መልሱን ያገኘሁት ከሽፋኑ ሥር ተጣጥፋ ከተቀመጠች ወረቀት ላይ ነው። ብዙ ማይክሮዌቮች ውስጥ እንዲህ ያለች ወረቀት አለች፤ የሽቦው ንድፍ እና የሴንሰሩ መለኪያ እሷ ላይ ይገኛል። የአክስቴ ኮድ የሚለው «የሙቀት ሴንሰር መስመር ተቋርጧል» ነበር። ይህችን «ተቋርጧል» የምትል ቃል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሽፋኑን ብቻዬን አልፈታሁም። ፒያሳ ጥገና ቤት ያላቸው፣ ሥራውን የሚያሳዩኝ ጋሼ አሉ፤ ተሸክሜ እሳቸው ጋ ወሰድኩት። ማይክሮዌቭ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ከ2,000 ቮልት በላይ ይሸከማል፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቻርጁን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሰው ይገድላል። ጋሼ ሁልጊዜ ስፒናውን ነቅለው ጠረጴዛው ላይ፣ ዓይናቸው ሥር ያስቀምጡታል፣ ከዚያ ካፓሲተሩን ራሳቸው ባዶ ያደርጉታል፣ በቴስተርም (በኤሌክትሪክ መለኪያው) ያረጋግጣሉ። ይህን አንብባችሁ ብቻ አትሞክሩት። የሚያውቅ ሰው አጠገብ ቆማችሁ እዩት።

የመጀመሪያው ስህተቴ አጭር ነው። ማግኔትሮኑ (ምግቡን የሚያሞቀውን ሞገድ የሚያመነጨው ክፍል) አካባቢ ሁለት እግር ያለው ክብ ነገር አየሁና ለካሁት፣ ዜሮ ኦም አለ፤ ኤሌክትሪኩን የሚያግደው ነገር የለም ማለት ነው። «ሾርት ሆኗል!» አልኩ። አልሆነም። እሱ ቴርሞስታት ነው፤ ሲቀዘቅዝ መስመሩን ያገናኛል፣ ከልክ በላይ ሲግል ለያይቶ ኃይሉን ይቆርጣል። ቀዝቃዛ ሆኖ ዜሮ ማለቱ ጤንነቱ ነው። እኔ የምፈልገው ቴርሚስተሩን ነበር፣ ኮዱ የሚለውን የሙቀት ሴንሰር፣ ከአየር መውጫው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ነገር።

ቴርሚስተሯ ሙቀት ሲጨምር ኦሟ ይቀንሳል። የወረቀቷ ሰንጠረዥ በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም ይላል። ነቅዬ ስለካት 11.4 አለች፤ የዚያን ቀን ጥዋት ብርድ ስለነበር ልክ ነው። በሁለት ጣቴ ጨበጥኳት። 11፣ 10.2፣ 9.1 እያለ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ወረደ፣ 8 አካባቢ ደርሶ ቆመ። ስለቃት ቀስ ብሎ ተመለሰ። እውነት ለመናገር ይህን ሳይ በጣም ደስ አለኝ፤ የእጄን ሙቀት በቁጥር እያነበብኩ ነው። በስስ ፌስታል ጠቅልዬ የተፈጨ በረዶና ውሃ ውስጥ ነከርኳት፣ 32 ኪሎ ኦም ገደማ ወጣ። ከሰንጠረዡ ጋር ገጠመ።

ከዚያ ድስት አፍልቼ እሚንተከተከው ውሃ ውስጥ ከተትኳት። ሰንጠረዡ በ100 ዲግሪ 700 ኦም ገደማ ይላል። የኔዋ 850 ላይ ቆማ ንቅንቅ አልል አለች። ሦስቴ ደገምኩት፣ ያው 850። በቃ ሴንሰሯ ስታለች ብዬ ወሰንኩ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ፈልጎ በ900 ብር ገዛልኝና በአውቶቡስ በሚመጣ ሰው ላከልኝ፣ ለዚህ ብቻ ዘጠኝ ቀን ሄደ። አዲሷን ገጠምኩ። ያው ኮድ። ነቅዬ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኳት። እሷም 850!

ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «ውሃው ስንት ዲግሪ ነው?» አሉኝ።
«ፈልቷል እኮ ጋሼ፣ መቶ ነዋ።»
«የት ከተማ ላይ ሆነህ ነው መቶ የምትለኝ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም ቀድሞ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ በግምት አንድ ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፈለገውን ያህል እሳት ብትጨምሩበት ክዳኑ ክፍት እስከሆነ ድረስ ከዚያ አያልፍም። በ93 ዲግሪ ደግሞ ይህች ዓይነት ቴርሚስተር 850 ኦም ገደማ ማለት ነው ያለባት። ሁለቱም ሴንሰሮች እውነቱን ሲነግሩኝ ነበር። ሰንጠረዡም ልክ ነው። የተሳሳተው እኔ በጭንቅላቴ የያዝኩት መቶ ነው።

አሁን ወደዚያች ቃል እንመለስ። ኮዱ የሚለው «ተቋርጧል» ነው። 850 ኦም ግን የተቋረጠ መስመር አይደለም። ሴንሰሯ በእርግጥ ትንሽ ስታ ቢሆን እንኳ ቦርዱ (ማይክሮዌቩን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) «ተቋርጧል» የሚልበት ምክንያት የለም፤ መስመር ሲቋረጥ ቴስተሩ ምንም አያነብም። ይህን መጀመሪያ ባስብ ኖሮ 900 ብሩም ዘጠኙም ቀን አይባክኑም ነበር።

ጋሼ ከመሳቢያ ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አውጥተው ሰጡኝ፣ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ ቀለበት ያለው። በሴንሰሯ ቦታ ኮኔክተሩ ላይ ሰካሁት። ቦርዱ ይህን ሲያነብ 25 ዲግሪ ላይ ያለ ጤነኛ ሴንሰር ነው የሚመስለው። ሽፋኑን ዘግተን ብርጭቆ ውሃ አስገብተን ለጥቂት ሰከንድ አስነሳነው (ባዶውን በፍጹም አይነሳም፤ በሬዚስተርም ምግብ አይሞቅበት፣ ምክንያቱም ቢግል ቦርዱ አያውቅም)። ያው ኮድ መጣ። ስለዚህ ችግሩ ከሴንሰሯ ወዲያ ነው፣ ወይ ሽቦው ወይ ቦርዱ። ወደ ቦታ የተመለሰችው የድሮዋ ሴንሰር ናት፣ አዲሷ መሳቢያ ገብታለች።

ድጋሚ ነቅለን፣ ካፓሲተሩን ባዶ አድርገን፣ የሽቦውን ሁለት ጫፍ በቴስተር ያዝኩ። አንደኛው ሽቦ ዜሮ። ሁለተኛውም ዜሮ። ተስፋ ልቆርጥ ስል ጋሼ «ወዝውዘው» አሉ። ቦርዱ ጋ ያለውን ኮኔክተር በጣቴ ትንሽ ስነቀንቀው ቴስተሩ (መስመር ሲገናኝ ነው የሚጮኸው) ይጮኻል፣ ይጠፋል፣ ይጮኻል፣ ይጠፋል። አግኝተነዋል! ማራገቢያው ሲነሳና ሳህኑ ሲዞር በሚፈጥረው ንዝረት ነው መስመሩ የሚቋረጠው፤ ለዚህ ነው ልክ እንደተሰካ ሳይሆን ከጀመረ በኋላ ኮድ የሚያወጣው።

ኮኔክተሩን ነቅዬ በባትሪ ሳየው የአንዷ ፒን ሥር አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። እርጥበት ነው። ከየት መጣ? አክስቴ ማይክሮዌቩን ያስቀመጠችው የእንጀራ ምጣዷ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ነው። ምጣዱ አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት በጀርባው የአየር ቀዳዳ ይገባል፣ በሳምንት ሁለቴ፣ ለዓመታት። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት፣ የላላችውን ፒን በቀጭን ፒንሳ ጠበቅ አደረግኳት፣ መልሼ ሰካሁ። ስነቀንቀው ዜሮው ዝንፍ አላለም። አክስቴም ምጣዱና ማይክሮዌቩ እንዲለያዩ ተስማምታ ወደ ሳሎን አዛወረችው። እስካሁን 16 ቀኑ ነው፣ ኮዱ አልተመለሰም።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የእርጥበት ሴንሰር ያለው ማይክሮዌቭ ነው፣ ምግቡ የሚያወጣውን እንፋሎት ለክቶ ራሱ የሚያቆመው ዓይነት። ባለቤቱ «ገና ሳይሞቅ ያቆማል» ይላሉ። እስካሁን ያየሁት ውስጡ ገና ከበፊቱ ምግብ እርጥብ ሆኖ ሳለ እንደሚያስነሱት ነው። አሁን በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ እየሞከርኩት ነው፣ የወጥ ቅባት የደፈነውን የአየር መውጫም ገና አጸዳለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ባለ 10 ኪሎ ኦም ቴርሚስተር ያላችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ ከታችሁ ያነበባችሁትን ከከተማችሁ ስም ጋር ጻፉልኝ። በተለይ መተማ ያላችሁ፣ ቆላ ስለሆናችሁ ከኔ ያነሰ ኦም ነው የምጠብቀው። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ደግሞ ከኔ የበለጠ።