እሰይ፣ መብራት ጠፋ!

የደብረ ብርሃንን ብርድ የማያውቅ ሰው ይህን አያምነኝም። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ታኅሣሥ ላይ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ጋቢ ደርቦ ነው። የጉዱ ሁሉ መነሻም ጋቢው ነው።

አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ልጭን ተነሳሁ። ደቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ያለ ማውስ፣ በኪቦርድ ብቻ ጫንኩት። መስኮቶችና ቀስት ያሉትን ዴስክቶፕ ሳስከትል ቡና ደርሷል ተባልኩና ሄድኩ። ስመለስ የማውሱ መሰኪያ ወለል ላይ ወድቋል። ለካ ስነሳ በጋቢዬ ጎትቼው ኖሯል። ሰካሁት፣ ነገሩንም ረሳሁት። ዴስክቶፑን አስነሳሁ።

መስኮቶቹ ፏ ብለው መጡ። ቀስቷ መሀል ላይ ተገትራለች። ማውሱን ገፋሁት፤ ንቅንቅ የለም። ገልብጬ ኳሷን አወጣሁ፣ ውስጡ የተጠቀለለውን የሱፍ ብናኝ በጥፍሬ ፋቅሁ። የመንዝ ባና እኩሌታው እዚያ ነበር። አሁንም ጭጭ።

ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ 2 ተጭኜ ወደ ጥቁሩ ስክሪን ወጣሁ። ማውስ ሲነቃነቅ ዝብርቅርቅ ፊደል የሚያፈስ ትእዛዝ አለ። እሱን ሰጥቼ ጠረጴዛውን በማውሱ ፈተግሁት። አንዲት ፊደል ጠብ አላለችም። ይህን ያየ አስተዋይ ሰው «ጥፋቱ የዴስክቶፑ አይደለም» ይላል። እኔ ግን መስኮቶቹንና ቀስቷን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣውን ፕሮግራም፣ የኤክስን፣ የቅንብር ፋይል ማረም ያዝኩ። ኤክስ 11 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። ላስተምረው ተነሳሁ።

አባባ ብቅ አሉ። «ምንድን ነው የሚያታግልህ?»

«ማውሱ አልሰማ አለኝ።»

«ደክሞት ይሆናላ! ከጠዋት ጀምሮ አሽተኸው። ትንሽ ይረፍ።»

ሳቅሁባቸው። በሆዴ።

ሦስተኛው ሰዓት ላይ መብራት ድርግም። ያላልኩት የለም። ሲመለስ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ተነሳ። ማውሱን ነካ ሳደርገው ቀስቷ እንደ ጥጃ ቦረቀች!

ያ ክብ፣ አረንጓዴ መሰኪያ ፒኤስ 2 ይባላል። እንደ ዩኤስቢ አይደለም። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ሲነሳ ካልተሰካ፣ በመሀል ቢሰኩት አይታወቅም። ሪስታርት ባደርገው ኖሮ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

«ምኒልክ ይሙት፣ ይረፍ አላልኩህም?» አሉ አባባ።

«አይ አባባ፣ መሰኪያው እኮ...»

«በል አሁን ደግሞ አንተ እረፍ» ብለው ጋቢዬን ደረቡልኝ። ጫፉ ገመዱ ላይ ዐርፏል።