አርባ ፍሬ ለምን?

ጎንደር ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል በሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ክፍል እሠራለሁ። በእጃችን ካሉት መሣሪያዎች አንዱ የኩላሊት ጠጠርን ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሰባብር ማሽን ነው። ከመተማና ከአርማጭሆ ቆላ የሚመጡት ሕመምተኞች ብዙ ስለሆኑ፣ ማሽኑ የቆመ ዕለት ሰዉን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አስጉዞ ወደ አዲስ አበባ ከመላክ በቀር አማራጭ አይኖረንም።

ማሽኑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያከማቸው ካፓሲተር በብዙ ሺሕ ቮልት ይሞላል፤ ስፓርክ ጋፕ የሚባለው ማብሪያ በቅጽበት ሲያገናኘው ኃይሉ ውኃ ውስጥ ባለ ኤሌክትሮድ ላይ ይፈነዳል፤ የሚፈጠረው የግፊት ምትም ጎድጓዳ በሆነ አንጸባራቂ ተሰብስቦ ጠጠሩ ላይ ያርፋል። ስፓርክ ጋፑ ከብረትና ከሴራሚክ የተሠራ፣ የክር መጠቅለያ የሚያህል ዕቃ ነው። ጫፎቹ እየተበሉ ሲሄዱ ምቱ መዛባት ስለሚጀምር በየጊዜው ይቀየራል።

መለዋወጫው ሊያልቅ መቃረቡን ለግዢ ክፍል በጽሑፍ ሳሳውቅ የጠየቅሁት ስድስት ፍሬ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ግን ፕሮፎርማውን ለ40 ፍሬ አስመጡት። ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የውጭ ምንዛሪ ስንት ደጅ ተጠንቶ እንደሚገኝ ታውቃለህ፤ አንዴ ከተፈቀደልን ለዓመታት የሚበቃንን እንግዛ እንጂ ለስድስት ፍሬ ከባንክ ባንክ ስንዞር እንክረም?» አሉኝ። በእሳቸው ወንበር የተቀመጠ ማንም ሰው እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ በአገራችን የመንግሥት ግዢ ውስጥ የሠራ ይህን ያውቃል።

ጥቂት ቆይቶ ከጀርመኑ አቅራቢ ደብዳቤ መጣ። ዕቃው ያለ ኤክስፖርት ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም የመጨረሻ ተጠቃሚ ማረጋገጫና ዝርዝር ማብራሪያ እንደሚፈልግ ይገልጻል። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው። የመዘግየት ጊዜው 15 ማይክሮ ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች የሆነና ቢያንስ 500 አምፔር የሚሸከም ስፓርክ ጋፕ፣ የኒውክሌር ቦምብ ፈንጂዎችን በአንድ ቅጽበት ለማቀጣጠል ሊያገለግል ስለሚችል ለሲቪልም ለጦር መሣሪያም ይውላሉ ተብለው ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

ኃላፊው ተቆጡ። ወዲያው ባስጻፉት መልስ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 ከተመሠረተው ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መሥራች አባላት አንዷ መሆኗን፣ የኒውክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ስምምነት በ1970 ማጽደቋን፣ ሴፍጋርድስ የሚባለው የቁጥጥር ስምምነቷ ከ1977 ጀምሮ እንደጸናና ተጨማሪው ፕሮቶኮልም በ2019 ሥራ ላይ እንደዋለ ዘረዘሩ። ደብዳቤው እውነት ነው፤ አጻጻፉም ያማረ ነበር። ከፈቃድ ሰጪው የመጣው መልስ ግን አጭር ነው፦ ይህ ሁሉ በመዝገብ ታይቷል፣ ለአመልካቹም የሚጠቅም ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ማሽን 40 ፍሬ ለምን አስፈለገ?

እኔም ነገሩን ያን ጊዜ ነው በደንብ ያነበብሁት። የሴፍጋርድስ ስምምነት በዋናነት የሚቆጥረው የኒውክሌር ቁስን፣ ማለትም ዩራንየምን፣ ፕሉቶንየምንና ቶርየምን ነው። ተጨማሪው ፕሮቶኮል ኤጀንሲው የሚያየውን መረጃና የሚገባበትን ቦታ ያሰፋዋል፤ የተወሰኑ የኒውክሌር ዕቃዎች ወደ ውጭ ሲላኩም እንዲነገረው ያስገድዳል። ስፓርክ ጋፕ ግን ከሁለቱም ውጭ ነው። ከኤጀንሲው መቀመጫ ከቪየና የሚመጣ ተቆጣጣሪ የእኛን መጋዘን ከፍቶ ይህን ዕቃ የሚቆጥርበት ሥልጣን የለውም፤ ስለዚህ ጥያቄው የሚነሣው ዕቃው ከሻጩ አገር ከመውጣቱ በፊት ነው።

ፈቃድ ሰጪዎች የገዢውን አገር ፊርማ ብቻ አይተው የማያልፉበት ምክንያትም አላቸው። ኢራቅ የኒውክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ስምምነት ፈርማ ተቆጣጣሪዎች የሚገቡባት አገር ነበረች፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ በተደረገው ፍተሻ ስውር የኒውክሌር ፕሮግራም ተገኘባት፤ ለዚህም ከውጭ የገዛቻቸው የተለመዱ የኢንዱስትሪ ዕቃዎች ጭምር ውለው ነበር። ከሕንድ የ1974 ሙከራ በኋላ የተቋቋመው የኒውክሌር አቅራቢ አገሮች ቡድን ሁለት አገልግሎት ላላቸው ዕቃዎች የተለየ ዝርዝር ያወጣው ከዚህ የኢራቅ ፍተሻ ማግሥት፣ በ1992 ነው። በዚያ መመሪያ የገዢው አገር የሴፍጋርድስ ስምምነት ከሚመዘኑት ነጥቦች አንዱ ብቻ ነው፤ የዕቃው ዓይነትና መጠን ከተገለጸው ሥራ ጋር መስማማቱም ይመዘናል።

ከሁሉ በላይ የእኛን ትእዛዝ የሚመስለው ግን የእ.ኤ.አ. 2003ቱ ታሪክ ነው። አሸር ካርኒ የተባለ በደቡብ አፍሪካ የሚኖር ነጋዴ ለሶዌቶ ሆስፒታል የኩላሊት ጠጠር ማሽን ነው ብሎ 200 ስፓርክ ጋፖች ከአሜሪካ አዘዘ። ለሆስፒታል ይህ እጅግ የበዛ ነው፤ ስሙን ካልገለጸ ሰው ለአሜሪካ ባለሥልጣናት ጥቆማ ስለደረሰም፣ የመጀመሪያዎቹ 66 ፍሬዎች እንዳይሠሩ ተደርገው ተላኩ፤ ጭነቱም ወደ ፓኪስታን ሲያልፍ ተደረሰበት። ሰውየው በ2004 መጀመሪያ ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ «ሆስፒታል» የሚለው ቃል ብቻውን ፈቃድ ሰጪን አያሳምንም፤ በዚህ አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ ሌላ ደብዳቤ ከመጻፍ ወደ መጋዘን ወረድን። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ የስፓርክ ጋፑን ቢን ካርድ፣ ማለትም ገቢና ወጪው የሚመዘገብበትን የመጋዘን ካርድ አወጣች፤ ዕቃው የገባበት ሞዴል 19ና የወጣበት ሞዴል 22 አንድ በአንድ ተያይዞ ነበር። ካርዱ ላይ በየትኛውም ዓመት ከሦስት ፍሬ በላይ አልወጣም። ከዚህ ጋር የማሽኑን ምት ቆጣሪ ንባብ፣ የተቀየሩትን አሮጌ ፍሬዎች መለያ ቁጥርና የተቀመጡበትን ቁልፍ ያለው ሣጥን ፎቶግራፍ አያይዘን፣ ትእዛዙን ወደ ስድስት ዝቅ አድርገን ላክን። የግዢ ኃላፊው ሲፈርሙ፣ «የአገር ፊርማ ያልከፈተውን በር የመጋዘን ካርድ ይክፈተው እንግዲህ» ብለው አጉረመረሙ።

ፈቃዱ ተሰጠ። ዕቃውን ያለ ቅድሚያ ስምምነት ለሌላ ወገን ማስተላለፍ እንደማይቻል በሆስፒታሉ ማኅተም አረጋግጠን፣ ስድስቱ ፍሬዎች በቦሌ በኩል ገብተው አዘዞ ደረሱ። የምንዛሪው ወረፋ ግን እንዳለ ነው፤ ፈቃዱ የጊዜ ገደብ አለው፣ ባንኩ ደግሞ ቀን አይቆርጥም። አሁን ለአቅራቢው ያቀረብነው ጥያቄ በአንድ ፈቃድ ሥር፣ ክፍያውም ጭነቱም በየዓመቱ ሦስት ሦስት ፍሬ ሆኖ ቢከፋፈል የሚል ነው። ፈቃድ ሰጪው በሐሳብ ደረጃ አልተቃወመም፤ የእኛ ባንክ ግን በአንድ ኤል ሲ (ባንኩ ለሻጩ በሚሰጠው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) የበርካታ ዓመታት ጭነት ለመክፈል ገና እሺ አላለም።